በሰማንያ ማይል ፍጥነት «ይቅደሙ» ማለት

ጉዳዩ በጠቅላላ ያስወጣኝን አስቀድሜ ልናገርና ልገላገል፤ ነጋዴ ነኝ፣ ወጪ ሳልጠራ ትርፍ ማውራት አልችልበትም። አምስት መኪና፣ ሁለት የጎድን አጥንት፣ የቀኝ ጆሮዬ ግማሽ፣ የሰባት ዓመት ቅዳሜ። በዚህ ላይ አንድ ግራ እጅ አለ። እሱ የእኔ አይደለም፤ የጋሽ ተሰማ ነው። ያሳጣኋቸው ግን እኔ ነኝ፤ ያውም በአክብሮት።

ይህን እንድጽፍ የቀሰቀሰኝ ሱቄን የገዛኝ ሰውዬ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ጆርጂያ አቬኑ ላይ የነበረችኝን ያገለገለ ጎማ መሸጫ ባለፈው ወር ሸጬ ሪታየር አደረግሁ። ሰውዬው ሱቁን ሲረከበኝ ግድግዳው ላይ የተሰቀለችውን ፎቶ አየ፦ ቁጥር 27 የተጻፈባት የተጨራመተች መኪና፣ አጠገቧ የራስ ቁር የታቀፈ ሰው።

«ይሄ ማነው?» አለኝ።

«እኔ ነኝ።»

ሳቀ። «ወንድሜ፣ አንተ ጎማ ሻጭ አይደለህ እንዴ?»

እውነቱን ነው። እኔም ነገሩ እስካሁን ይደንቀኛል።

ስሜ ሰይድ፣ ትውልዴ ደሴ ነው። ትምህርቴን የጨረስኩት መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ነው። እዚያ ዲፕሎማ አይሰጥም፤ ነገር ግን የመኪና ዕቃ በጣቱ ዳብሶ አዲሱን ከታደሰው መለየት ያልቻለ ሰው ምሳውን አይበላም። ከዚያ በሱዳን ዞሬ ዋሽንግተን ገባሁ። አዳምስ ሞርጋን ሳህን አጠብኩ፣ መሐል ከተማ ፓርኪንግ ሠራሁ። ስለ ደመወዙ ባላወራ ይሻላል። ከፓርኪንጉ ያተረፍኩት ዓይን ነው። ቀኑን ሙሉ የሰው መኪና ሳቆም ሌላው ቀለሙን ያያል፣ እኔ ጎማውን። ማን ጎማ ሊቀይር እንደደረሰ ከባለቤቱ ቀድሜ አውቅ ነበር። በዚያ ዓይን ነው ሱቅ የከፈትኩት።

በዘጠናዎቹ መጀመሪያ ላይ አንድ ጠዋት ረዘም ቀጠን ያሉ ሽማግሌ ገቡ። ከኪሳቸው የልብስ ሰፊ ሜትር አወጡና ጎማዎቼን አንድ በአንድ እያቀፉ ዙሪያቸውን ይለኩ ጀመር። እንደዚያ ያለ ገበያተኛ አይቼ አላውቅም።

«ጋሼ፣ መኪናዎ የሚፈልገው ጎማ ነው ወይስ ሱሪ?» አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝ። «ሱሪስ የጎደለው አፍህ ነው» አሉና መለካታቸውን ቀጠሉ።

ስምንት ለክተው አንድ መረጡ።

«ሦስቱስ?»

«አንድ ኢንች የሚያንስ ስታገኝ ኮል አድርገኝ።»

«ሁሉም እኮ አንድ ቁጥር ናቸው፣ ጋሼ።»

«ቁጥሩን የጻፈው ፋብሪካው ነው። ፋብሪካ ይዋሻል፤ ሜትር አይዋሽም።»

ጋሽ ተሰማ ማለት እኚህ ናቸው። ከዋሽንግተን ማዶ፣ አሌክሳንድርያ ውስጥ ሁለት መኪና ብቻ የሚያስገባ ጋራዥ ነበራቸው። በአገር ቤት ዘመናቸው በአሰብ መስመር ተሳቢ ይነዱ ነበር፤ ልጅ ሳለሁ ኮምቦልቻ ላይ አቧራ አልብሰውኝ ካለፉት ሾፌሮች አንዱ ሳይሆኑ አይቀሩም። ሲወጡ፣ «ቅዳሜ ና፤ ጎማህ ምን እንደሚሠራ ታያለህ» አሉኝ።

ሄድኩ። ቦታው ከሲልቨር ስፕሪንግ ወደ ደቡብ አንድ ሰዓት ያስነዳል፤ በጥድ ጫካ መሐል ያለ ሞላላ የአስፋልት ሜዳ፣ ዙሪያውን የሲሚንቶ ግንብ። የስቶክ ካር ውድድር ይሉታል። ለመንገድ የተሠራ ተራ መኪና ወስደው የመስኮቱን መስተዋት ያወልቁለታል፣ በሩን በብየዳ ይደፍኑታል፣ ውስጡን በብረት ቱቦ ያጥሩታል። ከዚያ ሃያው በአንድነት ወደ ግራ ብቻ እየዞሩ ይቀዳደማሉ። ስልሳ ዓመት ያለፋቸው ሰው እንደ ሌባ በመስኮት ሲገቡ ሳይ ክው አልኩ። ሲነዱ ሳይ ደግሞ የተቀመጥኩበትን ረሳሁት። የፊተኛውን መኪና ከኋላ እየጎሸሙ፣ በግንቡና በሰው መኪና መሐል አንድ ክንድ በምታክል ቀዳዳ ያልፋሉ። ጋራዣቸው ውስጥ ድምፃቸው የማይሰማ ሰው ናቸው እንግዲህ።

ሲወርዱ፣ «ጋሼ፣ እዚህ አገር ለዚህ ፖሊስ የለውም?» አልኳቸው።

«አለው። ያውልህ፣ ቲኬት ገዝቶ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ያጨበጭባል።»

ያን ቀን ሁለተኛ ወጡ። ዘጠኝ ዓመት እንደተወዳደሩና በዓመቱ ድምር ነጥብ ሦስት ጊዜ ሁለተኛ እንደሆኑ የነገሩኝ በመልስ ጉዞ ነው። ሻምፒዮን ሆነው አያውቁም። «አንዴ ብቻ» አሉኝ፤ ዓይናቸው መንገዱ ላይ ነው። «አንዴ ልባልና ቁልፉን አስቀምጣለሁ።» ሌላ ምንም ነገር ሲመኙ ሰምቼ አላውቅም።

በዚያው ቀረሁ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ሥራዬ ጎማ ብቻ ነበር። ምስጢሩ ቀላል ነው፤ የቀኙ የኋላ ጎማ ከግራው በዙሪያው ትንሽ ሲበልጥ መኪናዋ ራሷ ወደ ግራ መዞር ትፈልጋለች፤ ሾፌሩ መሪውን መታገል አይኖርበትም። ልዩነቱ ካነሰ ግንቡ ይጠራሃል፣ ከበዛ ቀጥታው ላይ ትዋልላለች። ሌላው ተወዳዳሪ ለዚህ ሲል ደርዘን ጎማ ይገዛል። እኔ ግን ሱቄ ውስጥ ሦስት መቶ ጎማ ነበረኝ፤ ሜትሩን ይዤ ሁሉንም ለካሁና በየጎማው ላይ በጠመኔ ጻፍኩ። ከውድድር በኋላ ጎማው ሳይበርድ መዳፌን ከውስጥ፣ ከመሐልና ከውጭ በኩል አሳርፍበታለሁ። ውስጡና ውጪው ከመሐሉ ይልቅ ሲያቃጥሉ ንፋሱ አንሷል ማለት ነው። የሶማሌ ተራ ጣት ሥራ አገኘ።

የጋሽ ተሰማ ልማድ ሌላ ነው። ከውድድር በፊት ሜዳውን በሙሉ በእግራቸው ይዞራሉ፤ ለዚህ ብለው ያስቀመጡት ሶሉ ያለቀ ጫማ ነበራቸው። «አስፋልቱ የት እንደሚያንሸራትት እግር ነው የሚያውቀው» ይላሉ። ከዚያ የአራቱን ጎማ ዳዶ፣ እኔ ሃያ ጊዜ አጥብቄው እንኳ፣ አንድ በአንድ በእጃቸው ነክተው ይቆጥራሉ። በዚያ መሐል ፕሬዚዳንቱ ቢያናግሯቸው አይመልሱም። በመጨረሻ መስኮቱን ይሳለማሉ፣ ይገባሉ። ለእኔም ያው ትምህርት ነው ሁልጊዜ፦ «ሁለት እጅ መሪ ላይ። አውራ ጣትህን ግን ወደ ውስጥ አታጥልቅ፤ ጎማው ሲመታ መሪው በራሱ ይሽከረከራል፣ ጣትህን ይዞ ይሄዳል።»

በሦስተኛው ዓመት ሁለተኛ መኪና ሠራንና እኔን አስገቡኝ። የመጀመሪያ ቀን በአራተኛው ዙር ግንቡን መታሁ። መኪናዋን ጎትተው ሲያመጡኝ፣ «ግንቡን ስንት ብለህ ገዛኸው?» ብቻ ነበር ያሉኝ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ላይ አንደኛ ወጣሁ። በሁለተኛው ዓመቴ ሦስት ጊዜ። ባንዲራው ሲውለበለብልኝ ሁልጊዜ የምደነግጠው እኔ ነበርኩ፤ ሰው የሌላ ሰው ዕቃ በስህተት ሲሸለም እንደሚሆነው። ባለቤቴ ከድጃ ዋንጫዎቹን ቲቪው ላይ ደርድራ፣ «ሸቀጥ አታርጋቸው ብቻ» ትለኝ ነበር።

የሁለታችንም ተቀናቃኝ ራንዲ የሚባል ቀይ ጺማም ጣሪያ ሠሪ ነው። ጎማ የሚገዛው እኔ ዘንድ ነበር። ዙሪያቸው በሩብ ኢንች የሚሻሉትን ደብቄበታለሁ፤ ንግድ ነው። በቀረውስ ክፉ ሰው አልነበረም።

እንግዲህ ወደዚያች ቀን ልምጣ። ሦስተኛ ዓመቴ ነው። የጋሽ ተሰማ የዓይን ሐኪም ከዚህ ዓመት በኋላ የውድድር ወረቀታቸውን እንደማይፈርም ነግሯቸዋል። የዓመቱ የመጨረሻ ውድድር ላይ ደርሰናል። በነጥብ እሳቸው አንደኛ፣ ራንዲ ሁለተኛ። የሚፈለገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከራንዲ ፊት መግባት። ከእሱ ፊት ይግቡ እንጂ አሥረኛም ቢወጡ ሻምፒዮን ናቸው።

ነጭ ባንዲራ ታየ፤ አንድ ዙር ቀረ ማለት ነው። እኔ አንደኛ ነኝ። ጋሽ ተሰማ ከኋላዬ። ራንዲ ከእሳቸው ኋላ አምስት መኪና ያህል ርቆ። እንደዚያው ብንገባ ነገሩ አልቋል። ምንም ማድረግ አልነበረብኝም። ምንም።

በመስታወቴ አየኋቸው። ታላቄ ናቸው፤ አስተማሪዬ ናቸው፤ ሻምፒዮን ሊባሉ ነው። እኔ ፊት ፊታቸው እየሄድኩ፣ እሳቸውን እንደ ጭነት አስከትዬ፣ ባንዲራውን ቀድሜ ልለፍ? ሰው ምን ይላል? እዚያ ያለው ሰው ሁሉ የሜሪላንድ ገበሬ መሆኑን፣ ማንም ምንም እንደማይል አላሰብኩም። ሰውነቴ ነው ያሰበልኝ። ከመጨረሻው መታጠፊያ ስወጣ ወደ ቀኝ ጠጋ አልኩ፣ እግሬን ከነዳጁ አነሳሁ፣ ቀኝ እጄን ዘረጋሁ። ይለፉ።

አላለፉም።

መስታወቴ ውስጥ መኪናቸው እዚያው ናት፤ እንደ እኔው ቀዝቅዛለች። አንድ አፍታ ያህል ሁለታችንም ቀጥታው መሐል እየተንከባለልን ነበር። ከዚያ ራንዲ በሙሉ ነዳጅ ከመታጠፊያው ወጣ።

ድምፁን የሰማሁት በደረቴ ነው። የጋሽ ተሰማ መኪና ተሽከርክራ ግንቡን መታች፤ እኔን ከኋላ የመታኝ ነገር ምን እንደሆነ ዛሬም አላውቅም። ዝም ሲል ሁለት የጎድን አጥንቴ ተሰብሯል። ራንዲ በተጨፈለቀ ኮፈን እየተንፏቀቀ መስመሩን አለፈ። ሻምፒዮን ሆነ።

ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ቆሞ አገኘሁት። «ሞተር ጠፍቶባችሁ ነው?» አለኝ። «ሁለታችሁም? በአንድ ጊዜ?»

ነገርኩት። እኛ ዘንድ ሁለት ሰው በር ላይ ሲገናኝ ታናሽ ቆሞ «ይቅደሙ» እንደሚል፣ ታላቅም ዝም ብሎ መግባት ስለሚከብደው «የለም፣ አንተ ግባ» እንደሚል፣ ታናሽም «ኧረ አይገባም» እንደሚል።

ራንዲ ጠየቀኝ፦ «በመጨረሻ ማን ይገባል?»

«ታላቅየው።»

«ስንት ጊዜ ይፈጃል?»

የመለሰችው ከድጃ ናት። አጠገባችን ቆማ ትሰማ ነበርና በአማርኛ፣ «ያረቢ! በር ላይ ስትገፋፉ ወጥ ሲበርድ አይቻለሁ» አለች። «በሰማንያ ማይል ግን የሸይጣን ሥራ ነው።» ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ አለቀሰች።

ክፍላቸው ስገባ ግራ እጃቸው እስከ ክርን ድረስ በጀሶ ታስሯል። አንጓው ደቅቋል፣ የአውራ ጣታቸውም ነርቭ ሞቷል ብለዋል ሐኪሞቹ። እግራቸው ሥር ተንበረከክሁ።

«ተነስ። ወንበር አለ» አሉኝ። ቀጥለውም፣ «አውራ ጣት መሪ ውስጥ እንዳይገባ ስንት ጊዜ ነግሬሃለሁ?»

«መቶ ጊዜ።»

«በአንድ እጅ የሚነዳ ሰው ግን ሳያጠልቅ መያዝ አይችልም።»

አልገባኝም። «ለምን በአንድ እጅ ነዱ?»

ቀኝ እጃቸውን ከብርድ ልብሱ አውጥተው አዩዋት። ምንም አልነካትም። «ይቺ አየር ላይ ነበረች። አንተ ‹ይለፉ› ስትል እኔ ‹አይገባም፣ ሂድ› እያልኩህ። እግሬንም ከነዳጁ አንስቼ።»

እስከዚያች ሰዓት ድረስ ጥፋቱ የእኔ ብቻ ነበር፤ ከባድ ቢሆንም የምሸከመው አንድ ጭነት ነበር። አሁን ለሁለት ተከፈለ፤ ግን አልቀለለም።

«አሥራ ሦስት ዓመት ለዚያች መስመር ነዳሁ» አሉ። «አሥር ሜትር ሲቀረኝ እንግዳ ተቀባይ ሆንኩ።»

ሦስት ወር ስልክ አላነሱልኝም። ጋራዡን ዘጉት፤ በአንድ እጅ ክሪክ አይያዝም። ሁለት የተከበሩ ሽማግሌዎች ከሀያትስቪል ለምኜ ላክሁ። ሻይ አጠጥተው መለሷቸው፦ «ሽማግሌ የሚላከው በተጣላ ሰው መሐል ነው። እኛ አልተጣላንም። ሰይድ ካሳ መክፈል ከፈለገ መጥቶ ይቅደመኝ።»

ሽማግሌዎቹ ምን ማለታቸው እንደሆነ ጠየቁኝ። እኔ ገብቶኛል፤ ስለገባኝም ደነገጥኩ።

በመጋቢት፣ አንድ ረቡዕ ጠዋት የሜዳው ባለቤት ለአሮጌ ደንበኛ ብሎ በሩን ከፈተልን። ተመልካች የለም። ጋሽ ተሰማ አንድ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አስረው በመስኮት ገቡ። ሞላላ ሜዳ ላይ ማርሽ አይቀየርም፤ አንዴ ካስገቡ በአንድ እጅ ይዞራል። ሊከለክላቸው የሚችል ሰው ቢኖር እኔ ነበርኩ፤ እኔ ደግሞ ዳዶዬን እየቆጠርኩ ነው።

«አሥር ጊዜ» አሉኝ። «አሥር ጊዜ ቅደመኝ። ያለ ምልክት።»

በመጀመሪያው ሙከራ ከጎናቸው ደረስኩ፤ እግሬ በራሷ ተነሳች። በሁለተኛውም። በሦስተኛው መኪናቸውን መሐል ሜዳ አቆሙና በመስኮቱ ጮኹብኝ፤ በሕይወቴ ሲጮኹ የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

«ሰይድ! ያቺን እግርህን ማን ነው ያሳደጋት?»

«እናቴ!»

«ጥሩ አድርገው አሳድገዋል! እዚህ ግን የሉም!» ከዚያ ዝቅ ብለው፣ «መንገድ ላይ አክብረኝ። በር ላይ አክብረኝ። እዚህ ስታከብረኝ ግን ሽማግሌው ሞቷል እያልክ ነው። ገና አልሞትኩም። ና።»

በአራተኛው ሄዱብኝ፤ መንገዱን ዘጉ፣ በጎናቸው ገፉኝ፣ በዚያች በደከመች ዓይንና በአንድ እጅ ወደ ሣሩ አወጡኝ። ተናደድኩ። ጋሽ ተሰማ ላይ ተናድጄ አላውቅም ነበር። በሚቀጥለው መታጠፊያ ከውስጥ ገባሁ፤ ብረት ከብረት ፏጨ፤ የመኪናዬ ቀለም በራቸው ላይ ቀረ፤ አለፍኩ። መስታወቱን አላየሁም። ከዚያ ዘጠኝ ጊዜ። መጨረሻ ላይ እያለቀስኩ ነበር የምቀድማቸው፤ እግሬ ግን አልተነሳችም።

ከመኪናቸው ሲወጡ ላባቸውን እየጠረጉ፣ «አሁን ታረቅን» አሉ።

በዚያ ዓመት ጋሽ ተሰማ በየቅዳሜው ከአጥሩ ጀርባ ቆሙ። ሜዳውን በእግራቸው ይዞራሉ፣ ዳዶዬን በቀኝ እጃቸው ይቆጥራሉ። የዓመቱ የመጨረሻ ውድድር ላይ እኔና ራንዲ በነጥብ እኩል ደረስን። በመጨረሻው ዙር ከፊቴ ነበር፤ ከውስጥ ገብቼ ጎሸም አድርጌ አለፍኩት። ስሜ በድምፅ ማጉያ ሲጠራ ከመኪናዋ መውጣት አቃተኝ። ራንዲ ነው በብብቴ ይዞ በመስኮት የጎተተኝ። ጋሽ ተሰማን ፈለግሁ። ቀኝ የኋላ ጎማዬ ሥር ቁጢጥ ብለዋል።

«አንዱ ላልቶ ነበር» አሉኝ። «ሌላ ሁለት ዙር ቢሆን ግንቡን ትገዛው ነበር።»

ያን ቀን የሰማሁት እንኳን ደስ ያለህ እሱ ነው።

ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ነዳሁ። አንዳንዴ አንደኛ ወጣሁ፣ ሻምፒዮን ግን አልሆንኩም። ቀኝ ጆሮዬ በግማሽ መስማት ሲተው፣ ዘጠናዎቹም ሲያልቁ አቆምኩ። ሱቁን የሸጥኩ ዕለት ትልቁን ዋንጫ ጠቅልዬ አሌክሳንድርያ ሄድኩ። ጋሽ ተሰማ አሁን ከልጃቸው ጋር ነው የሚኖሩት። ጠረጴዛቸው ላይ አቆምኩት።

ጎንበስ ብለው በቅርብ ሊያነቡት ሞከሩ። «ምን ይላል?»

«ስሜን ነው።»

«እንግዲያ የራስህን ስም ምን ብዬ ቤቴ ላቁም? ውሰደው።»

ወሰድኩት።

ሰባት ዓመት ነዳሁ። አሥራ አራት ጊዜ አንደኛ ወጣሁ። ሻምፒዮን የሆንኩት አንዴ ነው። ጋሽ ተሰማ አንዴም አልሆኑም።